በስታክ ስዊቾች ላይ የማክ አድሬስ መዋለልን ለይቶ የማስወገጃ ዝርዝር መመሪያ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያም ሆነ በከሚሴ በሚገኝ መካከለኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኔትወርክ ኃላፊነት የወደቀበት ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው። ተጠቃሚው «ሲስተም የለም» ብሎ ሲደውል የሚያማክረው ሰው አጠገቡ የለም፤ የስዊቹን (ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኘውን መሣሪያ) ሎግ፣ ማለትም የክስተት መዝገብ፣ ሲከፍት ደግሞ «ይህ ማክ አድሬስ በዚህ ቪላን ውስጥ በእነዚህ ሁለት ፖርቶች መካከል እየዋለለ ነው» የሚል መልእክት በሰከንዶች ልዩነት ተደርድሮ ያገኘዋል (ቪላን ማለት በስዊቹ ላይ ለብቻው የተከለለ ንዑስ ኔትወርክ ነው፤ መዋለል ማለት ማክ አድሬሱ አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው ፖርት መታየቱ ነው)። በዚህ ጊዜ የሚቀናው ስታኩን በሙሉ አጥፍቶ ማብራት ነው። አጥብቄ የምቃወመው ይህንኑ ነው። አጥፍቶ ማብራት የማክ ሰንጠረዡንም፣ በስዊቹ ውስጥ የተያዘውን ሎግም ያጠፋል፤ ችግሩ ግን በኬብሉ ወይም በኮንፊገሬሽኑ ውስጥ ስላለ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይመለሳል፣ ያን ጊዜ ደግሞ መንስኤውን የሚጠቁም ማስረጃ አይገኝም።

ይህ መመሪያ የሚጠይቀው ሌላ ቅደም ተከተል ነው። አንድም ኬብል ከመነቀሉ በፊት የሚዋልሉት ማክ አድሬሶች ስንት እንደሆኑ፣ በየትኞቹ ሁለት ፖርቶች መካከል እንደሚዋልሉና በምን ያህል ፍጥነት እንደሚዋልሉ ከሎጉ ላይ ይነበባል። እነዚህ ሦስት መልሶች ከተገኙ መንስኤው ከጥቂት አማራጮች ወደ አንዱ ይጠባል። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት በአገራችን በብዛት ከሚታዩት ከሲስኮ ካታሊስት ስዊቾች ሲሆን፣ ትዕዛዞቹን በንባባቸው አስፍሬአቸዋለሁ። በሁዋዌ ስዊቾች ላይ ለሚሠሩ አንባቢዎች አካሄዱ ያው ነው፤ «ሾው» በ«ዲስፕሌይ» ይተካል፣ የመዋለሉም መዝገብ «ዲስፕሌይ ማክ-አድሬስ ፍላፒንግ ሪከርድ» በሚለው ትዕዛዝ ይገኛል።

መልእክቱ በትክክል ምን ይላል

ማክ አድሬስ 48 ቢት ርዝመት ያለው የኔትወርክ ካርድ መለያ ነው። ስዊች አንድ ፍሬም (በኔትወርኩ ላይ የሚላክ አንድ የዳታ ጥቅል) በተቀበለ ቁጥር የላኪውን ማክ አድሬስ ያነብና «ይህ ማክ በዚህ ቪላን፣ በዚህ ፖርት በኩል ይገኛል» ብሎ በሰንጠረዡ ላይ ይመዘግባል። ማክ አድሬሱ ዝም ካለ ምዝገባው በሲስኮ ስዊቾች ላይ በነባሪው አሠራር ከ300 ሰከንድ በኋላ ይሰረዛል። በአንድ ቪላን ውስጥ አንድ ማክ ሊመዘገብ የሚችለው በአንድ ፖርት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ያው ማክ በሌላ ፖርት ሲመጣ አዲሱ ምዝገባ የቀድሞውን ይሽረዋል፤ ወዲያው ደግሞ በመጀመሪያው ፖርት ከተመለሰ ስዊቹ መዋለሉን ይመዘግባል። አንድ ታርጋ ያለው ሚኒባስ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከደሴ መናኸሪያም ከኮምቦልቻ መናኸሪያም ወጣ ተብሎ ቢመዘገብ ተራ አስከባሪው የሚጠረጥረው ወይ ሁለት መኪኖች አንድ ታርጋ መለጠፋቸውን፣ ወይ አንዱ መዝገብ የተሳሳተ መሆኑን ነው። ስዊቹም ከዚህ የተለየ ነገር አላለም፤ መንስኤውን አልነገረንም፣ ምልክቱን ብቻ ነው የነገረን።

ስታክ በተደረጉ ስዊቾች ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር መጨበጥ ያስፈልጋል። ስታክ ማለት ከኋላቸው በልዩ ኬብል ተያይዘው እንደ አንድ ስዊች የሚሠሩ ብዙ ስዊቾች ናቸው፤ የማክ ሰንጠረዣቸው አንድ ነው፣ አይፒያቸው አንድ ነው፣ ኮንፊገሬሽናቸውም አንድ ነው። የፖርቱ ስም በሦስት ቁጥሮች ይጻፋል፤ የመጀመሪያው የስታኩ አባል፣ ሁለተኛው ሞጁሉ፣ ሦስተኛው ፖርቱ ነው። በዚህም መሠረት 1/0/7 እና 3/0/7 በሁለት የተለያዩ ሣጥኖች ላይ ያሉ ፖርቶች ናቸው። ማክ አድሬስ በአባል 1 እና በአባል 3 መካከል ሲዋልል ብዙ ሰው «ስታክ ኬብሉ ተበላሽቷል» ይላል። ይህ ድምዳሜ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። በስታክ ኬብሉ በኩል የሚያልፍ ፍሬም ማክ እንዲዋልል አያደርግም፤ ምዝገባው የሚለወጠው ፍሬሙ ከውጭ በሁለት የተለያዩ ፖርቶች ሲገባ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀመረው ከስታኩ ጀርባ ሳይሆን ከፊት ለፊቱ ፖርቶች ነው። ከዚህ ሕግ የሚወጣ አንድ ሁኔታ አለ፣ እርሱም ስታኩ ለሁለት ሲከፈል ነው፤ በኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ማስረጃ መሰብሰብ

ከስዊቹ ጋር በኮንሶል ኬብል (ላፕቶፕን በቀጥታ ከስዊቹ ጋር በሚያገናኘው የማስተዳደሪያ ኬብል) ይገናኙ። በአይፒ በኩል ለመግባት መሞከር ሉፕ (ፍሬሞች ያለማቋረጥ የሚዞሩበት ክብ መንገድ) ባለበት ኔትወርክ ላይ ጊዜ ያባክናል፣ ግንኙነቱም መሐል ላይ ይቋረጣል። ከዚያ «ሾው ሎጊንግ» ብለው ውጤቱን በሙሉ ወደ ላፕቶፕዎ ፋይል ይገልብጡ። የሚፈለገው መስመር ማክፍላፕ-ኖቲፍ የሚል ቃል ያለበት፣ የክብደት ደረጃውም 4 ማለትም ማስጠንቀቂያ የሆነው ነው። በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ ይህ መስመር እንዲመዘገብ «ማክ አድሬስ-ቴብል ኖቲፊኬሽን ማክ-ሙቭ» የሚለውን ትዕዛዝ አስቀድሞ ማስገባት ያስፈልጋል።

በሰዓቱ ላይ መጠንቀቅ ተገቢ ነው። የሰዓት ቀጣናው ያልተስተካከለለት ስዊች በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ይመዘግባል፤ ኢትዮጵያ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፣ እኛ ደግሞ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። በሎጉ ላይ 05:12 ተብሎ የተጻፈው በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ 2:12 ነው፤ ለቀኑ ክፍለ ጊዜ ከዩቲሲው ላይ 3 መቀነስ ይበቃል። ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም። ጥበቃው «መብራት የመጣው 2 ሰዓት ላይ ነው» ሲል፣ ጸሐፊዋ «ቢሮ የቀየርነው 4 ሰዓት አካባቢ ነው» ስትል፣ የእነርሱን ቃል ከሎጉ ጋር ማገናኘት የሚቻለው ሰዓቶቹ ወደ አንድ ሲመጡ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም መንስኤውን የሚያሳየው ይህ ግጥጥሞሽ ነው። ለወደፊቱ በስዊቹ ላይ የሰዓት ቀጣናውን ከዩቲሲ በ3 ሰዓት አስቀድመው ያስተካክሉ፣ ሰዓቱንም በኤንቲፒ (ሰዓትን በኔትወርክ በሚያስተካክለው ፕሮቶኮል) ያያይዙት።

ቀጥለው «ሾው ማክ አድሬስ-ቴብል አድሬስ» ከሚለው በኋላ የሚዋልለውን ማክ እየጻፉ በጥቂት ሰከንድ ልዩነት ደጋግመው ይመልከቱ። ስፓኒንግ ትሪ ሉፕ እንዳይፈጠር ትርፍ መንገዶችን የሚዘጋ ፕሮቶኮል ነው፤ «ሾው ስፓኒንግ-ትሪ ዲቴል» የሚለው ትዕዛዝ ደግሞ በየቪላኑ የቶፖሎጂ ለውጥ (የኔትወርኩ መንገዶች መለወጥ) ስንት ጊዜ እንደተከሰተ፣ የመጨረሻው መቼ እንደነበረና በየትኛው ፖርት እንደመጣ ይነግራል። የቶፖሎጂ ለውጡ ቁጥር ከፍ ያለና የመጨረሻው ለውጥ ከሰከንዶች በፊት ከሆነ ያንን ፖርት በማስታወሻዎ ላይ ይጻፉት። በተጨማሪም «ሾው ስዊች»፣ «ሾው ኢተርቻናል ሰመሪ» እና «ሾው ኢንተርፌስስ ስታተስ ኢአር-ዲሴብልድ» የሚሉትን ትዕዛዞች ውጤት ይገልብጡ። እስከዚህ ድረስ የተነካ ነገር የለም።

ሎጉን ማንበብ

አሁን ወደ ሦስቱ ጥያቄዎች እንመለስ። የሚዋልለው አንድ ማክ ብቻ ከሆነና ሁለቱም ፖርቶች የመጨረሻ መሣሪያ የሚሰካባቸው ከሆኑ፣ ያ መሣሪያ ሁለት እግር ያለው ሰርቨር ነው፣ ወይም አንድ ማክ የያዙ ሁለት መሣሪያዎች አሉ። የሚዋልሉት ማኮች ብዙ ከሆኑ፣ ከሁለቱ ፖርቶች አንዱ ወደ ዋናው ስዊች የሚወስደው አፕሊንክ ሆኖ ሌላው ዘወትር አንድ ዓይነት ተራ ፖርት ከሆነ፣ ከዚያ ተራ ፖርት ጀርባ ሉፕ አለ። ብዙ ማኮች በሁለት አፕሊንኮች መካከል ብቻ የሚዋልሉ ከሆነ ጥርጣሬው ሊንኮቹን አንድ ባደረገው ቡድን፣ ማለትም በኢተርቻናሉ ላይ ይወድቃል። የስልኮችና የላፕቶፖች ማክ አክሰስ ፖይንት (የዋይፋይ ማሰራጫ) በተሰካባቸው ፖርቶች መካከል በየጥቂት ደቂቃው አንድ ጊዜ የሚቀያየር ከሆነ ደግሞ ሰዎች ከክፍል ወደ ክፍል እየሄዱ ነው፤ ይህ ጉድለት አይደለም።

በተለይ የጌትዌዩን፣ ማለትም ከቪላኑ ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚያሻግረውን ራውተር፣ ማክ ይፈልጉ። የጌትዌዩ ማክ የአንድ ሠራተኛ ኮምፒውተር በተሰካበት ፖርት በኩል «መጣ» ተብሎ ከተመዘገበ፣ እኔ ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ የሉፕ ምልክት አላውቅም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጌትዌዩ ለሁሉም የሚበተን የአርፕ ጥያቄ («ይህ አይፒ የማን ማክ ነው?» የሚል) ሲልክ ስዊቹ በሁሉም ፖርቶች ያሰራጨዋል፣ ሉፕ ካለበት ፖርት የወጣው ቅጂ ዞሮ ይመለሳል፣ የላኪው ስም ግን ያው የጌትዌዩ ማክ ነው። የኢተርኔት ፍሬም እንደ አይፒ ፓኬት የሕይወት ዘመን ቆጣሪ ስለሌለው በራሱ አይሞትም፤ አንዱ ፍሬም ሲዞር ሌላው ይጨመራል፣ የስዊቹ ፕሮሰሰር ይጨናነቃል፣ የሁሉም ሰው ትራፊክ ወደ ተሳሳተው ፖርት ይላካል። የአንድ ቢሮ ሉፕ መላውን ሕንፃ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቅርንጫፍ ያለው መሥሪያ ቤት ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ቪላን አራዝሞ ካገናኘ ደግሞ ኮምቦልቻ የተፈጠረ ሉፕ ደሴ ያለውን ቢሮ ይዞ ይወድቃል፤ በቅርንጫፎች መካከል ራውት እንዲደረግ፣ ማለትም የየራሳቸው ቪላን ኖሯቸው በራውተር እንዲገናኙ፣ አጥብቄ የምመክረው ለዚህ ነው።

መንስኤው ሉፕ ሲሆን

አጥፊው ፖርት በሎጉ ላይ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚደጋገመው ነው። «ሾው ኢንተርፌስ» ብለው የገባውን የብሮድካስት (ለሁሉም የሚበተን ፍሬም) ብዛት ሁለት ጊዜ ያንብቡ፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ በከፍተኛ መጠን እየጨመረ ከሆነ ጥርጣሬው ተረጋግጧል። ከዚያ ያንን ፖርት ብቻ «ሸትዳውን» በሚለው ትዕዛዝ ይዝጉት። ኬብል በእጅ መንቀል አልመክርም፤ በተጨናነቀ ራክ ውስጥ የተሳሳተ ኬብል መንቀል ቀላል ነው፣ በትዕዛዝ የተዘጋ ፖርት ግን በሎጉ ላይ ሰዓቱ ተጽፎ ይቀራል። አፕሊንኩን አይዝጉ፤ መልእክቱ ላይ ስሙ የሚገኘው እውነተኛው መንገድ ስለሆነ እንጂ ጥፋተኛ ስለሆነ አይደለም።

ፖርቱ ከተዘጋ በኋላ መልእክቱ ከቆመ ወደ ቢሮው ይሂዱ። የሚገኘው ነገር ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ከጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ተራ ስዊች የኬብሉ ሁለት ጫፎች ሁለቱም እርሱ ላይ ተሰክተው ይገኛሉ፤ ወይም ተራው ስዊች በግድግዳው ላይ ካሉት ሁለት ሶኬቶች ከሁለቱም ጋር ተገናኝቶ ይገኛል፤ ወይም የአይፒ ስልክ ሁለቱም ፖርቶቹ ወደ ግድግዳ ተሰክተው ይገኛሉ። ቢሮ ሲቀየርና ጽዳት ሲካሄድ «ባዶ የተንጠለጠለ ገመድ አየሁና ሰካሁት» ማለት የተለመደ ነው። የሰካውን ሰው መቆጣት አይገባም፤ መከላከል የስዊቹ ኮንፊገሬሽን ሥራ ነው።

መከላከያውም ይህ ነው። የመጨረሻ መሣሪያ በሚሰካባቸው ፖርቶች ሁሉ ላይ ፖርትፋስትንና (ፖርቱ ሳይጠብቅ ወዲያው ሥራ እንዲጀምር የሚያደርገውን) ቢፒዲዩ ጋርድን አብረው ያስገቡ። ስፓኒንግ ትሪ የሚልከው ቢፒዲዩ የተባለ የቁጥጥር መልእክት በሉፑ ዞሮ ሲመለስ ቢፒዲዩ ጋርድ ፖርቱን ወዲያው ይዘጋዋል። በነባሪው አሠራር የተዘጋው ፖርት ባለሙያ እስኪከፍተው ድረስ ይቆያል፤ በራሱ እንዲከፈት የመልሶ ማንሻ ትዕዛዙን ካስገቡ ደግሞ የመቆያ ጊዜው 300 ሰከንድ ነው፣ ሉፑ ካልተወገደ ግን እንደገና ይዘጋል። አንዳንድ ርካሽ ስዊቾች ቢፒዲዩን ስለማያሳልፉ በእነርሱ ጀርባ ያለ ሉፕ ከዚህ ጥበቃ ሊያመልጥ ይችላል፤ ለእነዚህ ስቶርም ኮንትሮልን (ከልክ ያለፈ ትራፊክን የሚገድበውን ትዕዛዝ) በብሮድካስት ላይ ጨምረው ያስገቡ። አንድ ትዕዛዝ ግን ከፖርቶቹ ላይ ፈልገው ያጥፉ፤ በፖርት ደረጃ የገባ ቢፒዲዩ ፊልተር በዚያ ፖርት ላይ ስፓኒንግ ትሪን እንደማጥፋት ነው። «ስሕተት እንዳያሳይ» ተብሎ የገባበትን ኮንፊገሬሽን ማየት ያሳዝናል።

አንድ ሰርቨር፣ ሁለት እግር

የሚዋልለው አንድ ማክ ከሆነና ፖርቶቹ በሁለት የስታክ አባላት ላይ ካሉ፣ ለምሳሌ 1/0/20 እና 2/0/20 ከሆኑ፣ መንስኤው ብዙውን ጊዜ የሰርቨሩና የስዊቹ ኮንፊገሬሽን አለመግባባት ነው። ሰርቨሩን በሁለት አባላት ላይ መሰካት ራሱ ትክክለኛ አሠራር ነው፤ አንዱ አባል ቢጠፋ አገልግሎቱ አይቋረጥም። ስሕተቱ የሚፈጠረው ሰርቨሩ ሁለቱን ካርዶች እንደ አንድ ሊንክ ሲጠቀም ስዊቹ ግን ሁለት የተለያዩ ፖርቶች አድርጎ ሲያያቸው ነው።

በሊኑክስ ሰርቨር ላይ የቦንዲንጉን (ካርዶቹን አንድ የማድረጊያውን) ዓይነት ይመልከቱ። ባላንስ-አርአር የሚባለው ዓይነት 0 ፓኬቶችን በተራ በተራ በሁለቱም ካርዶች ይልካል፣ የሚጠቀመው ማክ ግን አንድ ነው። ስዊቹ ላይ ፖርቶቹ በአንድ ቡድን ካልታሰሩ ማኩ በየሰከንዱ ይዋልላል። ባላንስ-ኤክስኦር የሚባለው ዓይነት 2 ቡድን በስዊቹ ላይ በእጅ እንዲታሰር ይፈልጋል፤ ዓይነት 4 ደግሞ ከስዊቹ ጋር በላክፕ (ሊንኮችን በስምምነት በሚያስር ፕሮቶኮል) ይደራደራል። አክቲቭ-ባካፕ የሚባለው ዓይነት 1 በአንድ ጊዜ አንድ ካርድ ብቻ ስለሚጠቀም ከስዊቹ በኩል ምንም አይፈልግም። የእኔ ምክር ስዊቹን የማስተካከል ሥልጣን ካለዎት ዓይነት 4ን፣ ከሌለዎት ዓይነት 1ን እንዲመርጡ ነው፤ ዓይነት 0ን ግን ያለ በቂ ምክንያት አይጠቀሙበት። በቪኤምዌር ላይ «ሩት ቤዝድ ኦን አይፒ ሃሽ» የሚለው ምርጫ የታሰረ ቡድን ይፈልጋል፣ «ኦሪጂኔቲንግ ፖርት» የሚለው ግን አይፈልግም። በዊንዶውስ ሰርቨር የካርዶች ቡድን ላይ «ስዊች ኢንዲፔንደንት» የሚለው ምርጫ ከተራ ፖርቶች ጋር፣ «ላክፕ» የሚለው ከላክፕ ቡድን ጋር ይሄዳል። ዋናው ሕግ አንድ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ያለው ስምምነት አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ሰርቨሩ አንድ እግር ብቻ ካለው ደግሞ አንድ ማክ የያዙ ሁለት መሣሪያዎችን ይፈልጉ። የማኩ መጀመሪያ ይረዳል፤ 0050.56 ብሎ የሚጀምር ማክ የቪኤምዌር ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) ነው፣ 0800.27 የቨርቹዋልቦክስ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ማኩ ሳይቀየር በእጅ ተገልብጦ በሌላ ሰርቨር ላይ ሲነሳ ሁለቱ ይጋጫሉ። የቤት ራውተሮችም የሌላን መሣሪያ ማክ ኮርጆ የመጠቀም ምርጫ ስላላቸው፣ ሠራተኛ ከቤቱ አምጥቶ የሰካው ራውተር የኮምፒውተሩን ማክ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ቨርቹዋል ማሽን ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ሰርቨር ሲዛወር ግን ማኩ አንድ ጊዜ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ይህ የተለመደ ነው።

የሚዋልለው ማክ 0000.0ሲ07.ኤሲ ወይም 0000.5ኢ00.01 ብሎ የሚጀምር ከሆነ የማንም መሣሪያ አይደለም። የመጀመሪያው የኤችኤስአርፒ፣ ሁለተኛው የቪአርአርፒ ምናባዊ ጌትዌይ፣ ማለትም ሁለት ራውተሮች እንደ አንድ የሚጋሩት ነው። ሁለቱ ራውተሮች እርስ በርሳቸው ሰላምታ መለዋወጥ ሲያቅታቸው ሁለቱም «ዋናው እኔ ነኝ» ይላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ትራንክ (ብዙ ቪላኖችን የሚያሳልፍ ሊንክ) ቪላኑን ማሳለፉን ያረጋግጡ።

አፕሊንኮችና ኢተርቻናል

«ሾው ኢተርቻናል ሰመሪ» ሲባል ከእያንዳንዱ ፖርት ጎን አንድ ፊደል ይታያል። ፒ ማለት ፖርቱ በቡድኑ ውስጥ በትክክል ገብቷል ማለት ነው። ዲ የወደቀ፣ ትንሿ ኤስ የታገደ፣ አይ ደግሞ ከቡድኑ ውጭ ለብቻው የሚሠራ ነው። ፈልገው የሚይዙት አይ የሚለውን ነው። በአንደኛው ጫፍ ፖርቶቹ «ኦን» በሚለው ሞድ ያለ ድርድር ታስረው በሌላኛው ጫፍ ለብቻ ለብቻቸው ሲሠሩ፣ ያሰረው ስዊች ትራፊኩን በሁለቱም ሊንኮች እያከፋፈለ ይልካል፤ ያላሰረው ደግሞ ያንኑ ማክ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ያገኘዋል። መድኃኒቱ በሁለቱም ጫፍ «ኦን»ን ትቶ ላክፕን «አክቲቭ» ማድረግ ነው። ላክፕ በ2000 በአይትሪፕልኢ 802.3ኤዲ የጸደቀ ስለሆነ የሁለት አምራቾች ስዊቾች ቢሆኑም ይግባባሉ፤ ካልተግባቡም ፖርቱን ወደ ቡድኑ ስለማያስገቡት ስሕተቱ ተደብቆ አይቆይም። ሞዱን ሲቀይሩ በመጀመሪያ ከሁለቱ ሊንኮች አንዱን ይዝጉ፣ ቀይረው ሲጨርሱም ይክፈቱት፤ አለዚያ በመሐሉ ሉፕ ሊፈጠር ይችላል።

ስታኩ ራሱ ለሁለት ሲከፈል

ከሁሉ ይበልጥ የሚያደናግረው፣ መብራት በሚመላለስበት አካባቢ ለምንሠራ ሰዎችም ከሁሉ ይበልጥ የሚያሰጋን ይህ ነው።

ሦስት አባላት ያሉት ስታክ እንበል። አባል 1 ከአባል 2፣ አባል 2 ከአባል 3 ጋር በስታክ ኬብል ተያይዘዋል፤ ክበቡን የሚዘጋው፣ ከአባል 3 ወደ አባል 1 የሚመለሰው ረጅሙ ኬብል ግን ስላልተገዛ አልተሰካም። አባል 1 እና አባል 3 ዩፒኤስ ላይ ናቸው፤ የመካከለኛው የኃይል ገመድ ቦታ አጥቶ በቀጥታ ወደ ግድግዳ ተሰክቷል። መብራት ሲሄድ አባል 2 ይጠፋል፣ አባል 1 እና አባል 3 ደግሞ ሳይጠፉ ይለያያሉ። ሁለቱም «ስታኩ እኔ ነኝ» ይላሉ፤ ኮንፊገሬሽናቸው አንድ ነው፣ የማስተዳደሪያ አይፒያቸው አንድ ነው።

ማካቸውስ? ይህ የሚወሰነው «ስታክ-ማክ ፐርሲስተንት ታይመር» በሚለው ትዕዛዝ ነው። ስታኩ በሙሉ የሚጠቀመው የዋናውን አባል ማክ ነው። ታይመሩ 0 ሆኖ ሲገባ ዋናው አባል ቢለይም የቀሩት አሮጌውን ማክ ለዘለቄታው ይዘው ይቀጥላሉ፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱ ግማሾች አንድ ማክ ይኖራቸዋል። ከአባል 1 እና ከአባል 3 የሚወጡት ሁለቱ አፕሊንኮች ያልታሰሩ ከሆኑ ዋናው ስዊች የስታኩን ማክ አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው ሊንክ ስለሚያገኘው ያዋልለዋል። አፕሊንኮቹ በላክፕ የታሰሩ ከሆኑ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ ዋናው ስዊች አሁንም ከአንድ ስታክ ጋር የሚነጋገር መስሎት ቡድኑን እንደታሰረ ያቆየዋል፣ መዋለልም አያሳይም፣ ነገር ግን ለአባል 1 ተጠቃሚዎች የሚሄደው ትራፊክ በከፊል ወደ አባል 3 እየተላከ ይጠፋል። ታይመሩ ባልገባባቸው የቆዩ ሞዴሎች ላይ ግን አዲሱ ዋና አባል ወዲያው የራሱን ማክ ስለሚይዝ ላክፕ ለውጡን ያያል፣ ከሁለቱ ሊንኮች አንዱንም ከቡድኑ ያወጣል።

የመከፈል መለያው የሚዋልለው ማክ የተጠቃሚዎች ሳይሆን የስታኩ የራሱ መሆኑ ነው፤ ወደ ማስተዳደሪያው አይፒ የሚላከው ፒንግም አንዴ ይመልሳል፣ አንዴ ይጠፋል። በኮንሶል ወደ እያንዳንዱ ግማሽ ገብተው «ሾው ስዊች» ሲሉ አንዱ ግማሽ ሌላውን «ሪሙቭድ» ብሎ ያሳየዋል። ስታኩን መልሰው ለማገናኘት በመጀመሪያ አነስተኛውን ግማሽ ያጥፉ፣ ኬብሎቹን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ያብሩት። ሁለቱም ግማሾች በርተው እያሉ ኬብል ቢሰካ በመካከላቸው ምርጫ ይካሄዳል፣ በምርጫው የተሸነፈውም ግማሽ በሥራ ሰዓት ራሱን አጥፍቶ ይነሳል።

ዳግም እንዳይከሰት «ሾው ስዊች ስታክ-ሪንግ ስፒድ» ብለው ክበቡ «ፉል» መሆኑን ያረጋግጡ፤ «ሃፍ» ካለ ስታኩ ቢሠራም አንድ መቆራረጥ ብቻ ቀርቶታል። ሁሉም አባላት ከአንድ ዩፒኤስ ኃይል ያግኙ። ዋና እንዲሆን ለሚፈልጉት አባል ፕራዮሪቲ 15 ይስጡ፣ ለተከታዩ 14። ሌላም ማሳሰቢያ አለኝ፤ ታይመሩ 0 በሆነበት ስታክ ላይ የነበረውን አሮጌ ዋና አባል ነቅለው በዚያው ኔትወርክ ሌላ ክፍል ውስጥ ለብቻው ከሰኩት፣ ስታኩ የእርሱን ማክ ይዞ ስለቀረ አንድ ማክ ያላቸው ሁለት ስዊቾች ይኖራሉ። እንዲህ ያለውን መዋለል ሳይገምቱት ማግኘት በጣም ይከብዳል።

ከጥገናው በኋላ

መልእክቱ መቆሙ ብቻ በቂ ማረጋገጫ አይደለም። የኢንተርፌስ ቆጣሪዎችን ያጽዱ፣ የቶፖሎጂ ለውጡን ቁጥር በማስታወሻዎ ላይ ይጻፉ፣ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ካለፈ በኋላም ተመልሰው ያነጻጽሩ። ቁጥሩ አሁንም በየሰዓቱ የሚጨምር ከሆነ ፖርትፋስት ያልገባበት ፖርት አለ፣ ወይም እየተነሳና እየወደቀ ያለ ሊንክ ቀርቷል። በተለይ በክረምት፣ በሕንፃዎች መካከል በአየር ላይ በተዘረጋ የመዳብ ኬብል ላይ እንዲህ ያለ ሊንክ ካገኙ በፋይበር እንዲተካ ይጠይቁ፤ ደሴን በመሰለ ከፍታ ላይ መብረቅ በዚያ ኬብል በኩል የሚያደርሰው ጉዳት ከመዋለል ያለፈ ነው።

የስዊቹ ሎግ ማህደር ትንሽ ስለሆነ አሮጌው መልእክት በአዲሱ ይተካል። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሲስሎግ ሰርቨር ይትከሉና የሁሉም ስዊቾች መልእክት ወደዚያ ይላክ፤ ያን ኮምፒውተርም ዩፒኤስ ላይ ያድርጉት። በራኩ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ የትኛው አፕሊንክ ወደ የት እንደሚሄድ፣ የትኞቹ ፖርቶች በየትኛው ቡድን እንደታሰሩና የስታኩ ማክ የትኛው እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ቀኑ ተጽፎበት ይለጠፍ። ኬብል በተንቀሳቀሰ ቁጥር ወረቀቱ በዚያው ዕለት ይታረም።